ወልድያ በሦስት የሊግ ዓመት አይለካም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ወልድያ ስፖርት ክለብ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚያስነብብ እጅ አላቸው። ስድብም አልጻፉም። ግን የዓመታቱ ቅደም ተከተል ተዘበራርቆባቸዋል። በዚያ ላይ ተነስተው ደግሞ ክለቡ ቢፈርስ ይሻላል ወደሚል ሐሳብ ደርሰዋል። የወልድያ ልጅ ነኝ፣ የክለቡም ደጋፊ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን አንድ በአንድ ላንሳው።

ላላነበባችሁ፣ ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የወልድያ ክለብ ከስታዲየሙ ጋር የተወለደ የአንድ ባለሀብት ስጦታ ነው። ባለሀብቱ ሲታሰሩ ክለቡም ወደቀ። ፕሪሚየር ሊግ ላይ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሁለት ጊዜ ስለወረደ ከሽፏል። ደጋፊው ረብሸኛ ነው። ወሎ የዘፈን እንጂ የኳስ አገር አይደለም። 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለትንሽ ከተማ አይገባም። ስለዚህ ክለቡ ወይ ለድርጅት ይሰጥ፣ ወይ ይፍረስና ብሩ ለመንገድ ይዋል።

መጀመሪያ ስለ ልደቱ። ስታዲየሙ የተመረቀው ጥር 2009 ዓ.ም ነው። ወልድያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ ላይ የተጫወተው በ2007 የውድድር ዓመት ነው። ያኔ አዲሱ ስታዲየም ገና ግንባታ ላይ ነበር። ያኔ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ከነበረው ከብሔራዊ ሊግ ታግሎ፣ ከሌሎች የክልል ከተሞች ጋር ተናንቆ ነው የመጣው። በ2007 መጨረሻ ወረደ። በ2008 ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ያለው፣ ከፍተኛ ሊግ የሚባለው አዲስ እርከን ሲጀመር እዚያ ተወዳድሮ በዓመቱ ተመልሶ አደገ። የ2009 ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመርም የስታዲየሙ ሪባን ገና አልተቆረጠም። ሁለቱም እድገቶች ከምርቃቱ በፊት የተገኙ ናቸው። ታዲያ ክለቡ ከስታዲየሙ ጋር የተወለደው እንዴት ሆኖ ነው?

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ወደ 2007 የተደረሰው በብዙ ሰው ልፋት ነው። ደመወዝ ሳይከፈላቸው ታዳጊ ያሠለጠኑ መምህራን አሉ። ማልያ ለመግዛት ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ብር የለመኑ ሰዎች አሉ። ተጫዋች ቤታቸው አሳድረው ያበሉ እናቶች አሉ። ክለቡን የአንድ ሰው ስጦታ ስንለው እነዚህን ሁሉ ከታሪክ እናወጣቸዋለን። ሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ስታዲየሙን አሠርተው ለከተማዋ ሰጥተዋል። ትልቅ ውለታ ነው፤ የወልድያ ሰውም ውለታቸውን አይረሳም። ሜዳ መስጠትና ክለብ መፍጠር ግን ለየቅል ናቸው።

"ባለሀብቱ ሲታሰሩ ክለቡ ወደቀ" የሚለውም ቀኑን ካላገናዘብነው እውነት ይመስላል። ባለሀብቱ ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ የታሰሩት በጥቅምት 2010 ነው። ክለቡ የወረደው በ2010 መጨረሻ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ስለሆኑ አንዱ የሌላው ምክንያት ተደረገ። ታዲያ የ2007ቱን መውረድ ምን ልንለው ነው? ያኔ ማንም አልታሰረም። በዚያ ላይ በ2010 ወልድያ ብቻውን አልወረደም። አርባ ምንጭ ከተማና ኤሌክትሪክም አብረውት ወርደዋል። ኤሌክትሪክ ማለት ያ መብራት ኃይል ነው። በ1990 ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው ክለብ! እሱም በዚያው ዓመት ወደ ከፍተኛ ሊግ ወርዷል። ለአንዱ መውረድ የባለሀብት እስር ሰበብ ከሆነ፣ ለሌሎቹ ሁለቱ ምን ሰበብ እንፈልግ?

ወደ "ከሽፏል" እንምጣ። ጸሐፊው 2009ን አንድ ተራ ዓመት አድርገው አልፈውታል። እኔ ግን እዚያ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ2009 ሊጉ ከ14 ወደ 16 ክለብ ሰፋ። አራት ክለቦች አደጉ፤ ወልድያ፣ ፋሲል ከነማ፣ ጅማ አባ ቡና እና አዲስ አበባ ከተማ። ዓመቱ ሲያልቅ ከአራቱ ሁለቱ ተመልሰው ወረዱ፤ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም አብሯቸው ወረደ። ወልድያ ቀረ። የዋና ከተማዋን ስም የያዘ ክለብ ሊቆይ ባልቻለበት ዓመት፣ የሰሜን ወሎዋ ከተማ ክለብ ቆየ። ባንክ ከጀርባው ያለው ክለብ በወረደበት ዓመት፣ የማዘጋጃ ቤት በጀት የሚጠብቅ ክለብ ቆየ። ይህ ክሽፈት ከተባለ ስኬት ምን ሊባል ነው?

ወልድያ በ1999 ሕዝብና ቤት ቆጠራ 46,139 ነዋሪ ነበራት። ዛሬ ከዚያ እንደምትበልጥ ግልጽ ነው። ቢሆንም ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳና ከድሬዳዋ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ስሟን ያሰፈረች ከተማ ናት። ፋብሪካዋ ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንግዳ ቡድን ሲመጣ በደብረ ሲና ወርዶ፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴን አልፎ፣ ሐይቅንና መርሳን ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። ወልድያም ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ያንኑ መንገድ በአውቶቡስ ይመላለሳል። አርባ ምንጭ ለመጫወት የሚወጣ ቡድን ስንት ቀን መንገድ ላይ እንደሚያድር አስቡት። እዚህ ላይ የአበልና የሆቴል ወጪ አለ። ትላልቆቹ ክለቦች ይህን ላያስተውሉት ይችላሉ። ለወልድያ ግን የዓመቱን በጀት የሚበላው ይሄ ነው።

ሌላው ወጪ የተጫዋች ደመወዝ ነው። በነዚያ ዓመታት ክለቦች በዝውውር መስኮት እየተሻሙ ዋጋውን ሰቅለውት ነበር። ነገሩ ስለከፋ በ2011 ክረምት የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ወጣ። ጣሪያው በተግባር ምን ያህል ተከበረ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለኔ ነጥብ የሚበቃው አንድ ነገር ነው። ወልድያ ሦስቱንም የሊግ ዓመታት የተጫወተው ከጣሪያው በፊት ነው። ውድድሩ ሜዳ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ኪስ ላይም ነበር።

አሁን ከባዱ ነጥብ። ደጋፊው።

ኅዳር 24 ቀን 2010 ወልድያ ላይ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በከተማዋ በተነሳ ግጭት ሳይካሄድ ቀርቷል። ይህን አልክድም። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። በዚያ ቀን የተጎዳ ሰው አለ፤ ንብረትም ጠፍቷል። ኳስ ሊያይ ወይም ሊጫወት የመጣን እንግዳ መጉዳት በወሎ ባህል ነውር ነው። እንግዳ ሲመጣ ወገብ ታጥቆ የሚያስተናግድ ሕዝብ ውስጥ ይህ መሆኑ ያንገበግባል። ማንም ደጋፊ "የኛ ጥፋት አይደለም" ብሎ እንዲያልፈው አልፈልግም።

ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው "የወልድያ ደጋፊ በተፈጥሮው ረብሸኛ ነው" ሲሉ አልቀበላቸውም። ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ረስተውታል። አገሩ በሙሉ ይታመስ ነበር። ስታዲየም ደግሞ ብዙ ወጣት በአንድ ላይ ተሰብስቦ ድምፁን የሚያሰማበት ቦታ ነበር። የፖለቲካው ቁጣ ሁሉ እዚያ ገባ። በብዙ ከተሞች ሜዳዎች ድንጋይ ተወርውሯል፤ ጨዋታ ተቋርጧል። በ2011 የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጓቸው ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ የተደረገው ለዚህ ነው። ችግሩ የአንድ ከተማ ደጋፊ ጠባይ ቢሆን ኖሮ አንድን ከተማ መቅጣት ይበቃ ነበር።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። በዚያው ዓመት፣ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ ወልድያ ውስጥ ታቦት ሸኝተው በመመለስ ላይ የነበሩ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገደሉ። ከተማዋ ሐዘን ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ምን ይመስሉ እንደነበር የኖረበት ያውቃል። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ወጣት ይታሰራል። በዚህ መሃል አንድ ቡድን ልምምድ እየሠራ፣ ነጥብ እየቆጠረ ላለመውረድ ይታገል ነበር። የ2010ን መውረድ ስንጽፍ ይህን ትተን ከጻፍን ያልኖርንበትን ዓመት ነው የምንጽፈው። ከላይ ያነሳሁት የባለሀብት እስር ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምን ያህል ትንሽ ምክንያት እንደሆነ ይታያችሁ።

"ወሎ የኳስ አገር አይደለም" የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም ብዬ ነበር። ግን ያመኛል። ወሎ ሲነሳ አገሩ ሁሉ የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ድርቁን፣ ወይ ዜማውን። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ አለ። ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ አለ። በነዚህ መሃል ያለው የዕለት ኑሮ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የጨርቅ ኳስ የሚመታበት ከሰዓት በኋላ፣ የሚጽፍለት አላገኘም።

ያልተጻፈበት ምክንያትም ይታወቃል። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ሲጀመር የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ጦር ቡድን። ሁሉም አዲስ አበባ ነው ያሉት። መዝገቡ ከመጀመሪያው የተከፈተው እዚያ ነው። ክፍለ ሀገር ላይ የሚደረገው ጨዋታ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በጦር ካምፕ፣ በፋብሪካ ሜዳ ይደረግ ነበር። ውጤቱ በሰው አፍ ይዞር ነበር እንጂ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ጋዜጣ ላይ ስላልወጣ አልነበረም ማለት አይቻልም።

በደርግ ዘመን ደግሞ ወሎ አንድ ክፍለ ሀገር ነበር። ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ደሴ ነው። ስለዚህ ከወልድያ፣ ከቆቦ ወይም ከላሊበላ የበቀለ ጎበዝ ልጅ ለመታየት 120 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጉዞ ደሴ መውረድ ነበረበት። እዚያ ከተመረጠ የሚለብሰው ማልያ "ወሎ" ይላል። የከተማው ስም አይጻፍም። ከ1983 በኋላ ክፍለ ሀገሩ ተከፋፈለ፤ ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎ፣ ዋግ ኽምራ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሆነ። ከፊሉ ወደ ትግራይና ወደ አፋር ሄደ። አንድ የነበረው የወሎ ማልያም ተበተነ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ክለብ ከታች መገንባት ነበረበት። የወልድያ ክለብ በስሙ እየታወቀ የመጣው በዚህ ሂደት ነው። ታሪኩ አጭር የሚመስለው ስሙ ዘግይቶ ስለተጻፈ ነው።

ፍሬው ደግሞ ይታያል። በ2011 ከፍተኛ ሊግ ላይ ወልድያ፣ ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ሦስቱም ይጫወቱ ነበር። በአንድ ሰሞን፣ በሁለተኛው እርከን፣ ሦስት የወሎ ክለብ! ደሴና ኮምቦልቻ እኮ የ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ ጦሳ ስር ብርዱ ላይ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ሙቀቱ ላይ። ሁለቱም ሲገናኙ ሚኒባሱ ሁሉ ደጋፊ ጭኖ ሐረጎን ይወርዳል፣ ይወጣል። የኳስ አገር ያልሆነ አገር ይህን ከየት አመጣው?

የስታዲየሙን መጠን በተመለከተ ባጭሩ ልለፍ። ስታዲየሙ ከ25 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ ከተማዋ ትንሽ ናት። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ስታዲየሙ የወልድያ ከተማ ብቻ አይደለም። የሰሜን ወሎ ዞን በዚያው የ1999 ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ወልድያ ደግሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ ናት። ወደ ደሴ፣ ወደ ቆቦና አላማጣ፣ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ፣ በወረታ በኩል ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር ይወጣባታል። ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አጥቶ "የሜዳዬ" የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር እየተጫወተ ዓመታት አልፈዋል። በእንዲህ ያለ አገር ውስጥ ተሠርቶ ያለቀን ስታዲየም "በዛ" ማለት አይገባኝም። የሚያስፈልገው ሥራ መስጠት ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ የክረምት ሻምፒዮና፣ የሴቶች ቡድን፣ የታዳጊ ፕሮጀክት ይግባበት።

የመጨረሻውና ዋናው ነጥብ "ለድርጅት ይሰጥ ወይ ይፍረስ" የሚለው ነው። ጸሐፊው የድርጅት ክለብ አስተማማኝ ነው ይላሉ። የቅርቡ ታሪክ ግን በግልባጩ ነው የሚናገረው።

ጎንደርን እንይ። ዳሸን ቢራ የፋብሪካ ክለብ ነበር። ብር ነበረው፣ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ይጫወት ነበር። በ2008 ወረደ፤ ክለቡም ፈረሰ። በዚያው ዓመት የከተማው ልጆች ክለብ ፋሲል ከነማ አደገ። ፋሲል በ2013 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የፋብሪካው ክለብ ሲወርድ ደጋፊው የት ሄደ? የሚሄድበት የከተማ ክለብ ነበረው፣ እዚያ ሄደ። ባይኖረውስ ኖሮ?

ንግድ ባንክንም እንይ። በ2009 ወረደ፣ የወንዶቹ ቡድን ተበተነ። ተጫዋቹ በየፊናው ሄደ። በኋላ ባንኩ ክለቡን መልሶ አቋቋመ፤ አድጎም በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ልብ በሉ። ያንን ክለብ ያፈረሰውም፣ ያቋቋመውም አንድ የሥራ አመራር ውሳኔ ነው። ነገ ውሳኔው ቢቀየር ደጋፊውን አስተያየትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ወልድያ በ2007 ሲወርድ አልፈረሰም፤ በዓመቱ ተመለሰ። በ2010 ሲወርድም አልፈረሰም፤ በ2011 ከፍተኛ ሊግ ላይ ነበር። የከተማ ክለብ ማለት እንዲህ ነው። ሲወርድም የሚኖር። ጸሐፊው መለኪያ ከፈለጉ ስንት ዓመት ፕሪሚየር ሊግ ቆየ የሚለውን ይተዉት። ከወረደ በኋላ ማን አብሮት ቀረ ብለው ይጠይቁ። በዚህ መለኪያ ወልድያ ዋንጫ ካነሱ አንዳንድ ክለቦች ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ጽሑፉ በአንድ መስመር እንኳን አልነካውም። ከ2011 በኋላ ለምን ተመልሶ አላደገም ብለው ጠይቀው፣ መልሱን "የፍላጎት ማጣት" አሉት። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ተይዛ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻም በጥቅምት 2014 ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይተዋል። በነዚያ ወራት መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ ሆስፒታል መድኃኒት የለውም። ሰው ልጁን ይዞ በእግሩ ተሰደደ። ደሴ ከሰሜን የመጣ ተፈናቃይ በየትምህርት ቤቱ አስጠልላ ስታበላ ቆይታ በመጨረሻ ራሷ ተፈናቀለች። ሜዳ ላይ መሆን የነበረበት ወጣት ግማሹ ተሰደደ፣ ግማሹ ዘመተ፣ ያልተመለሰም አለ። ከተማዋ ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ዳቦና ጣሪያ ነበር። ይህ ቁስል ሳይደርቅ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ቡድን በአውቶቡስ ጭኖ ለጨዋታ መላክ ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። ፍላጎት ማጣት ነው የሚለውን ቃል እነዚያን ዓመታት ለኖረ ሰው ፊት ለፊት መናገር ይቻላል?

ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚጫወቱበት ሆኗል። የትንሽ ከተማ ክለብ ዛሬ ቢያድግም ደጋፊው ቡድኑን በሜዳው አያየውም። የመግቢያ ትኬት ገቢ የለም። በጨዋታ ቀን የሚሠራው ሻይ ቤት፣ ሆቴል፣ ባጃጅ ገቢ አያገኝም። ይህን ወልድያ አልወሰነውም። ግን ዋጋውን የሚከፍሉት እንደ ወልድያ ያሉ ከተሞች ናቸው።

"ብሩ ለመንገድ ይዋል" ለሚለው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። በጦርነት በተጎዳ ከተማ ውስጥ የሕዝብ ብር በምን ላይ ዋለ ብሎ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው። ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነጥብ ቢኖር እዚህ ላይ ነው። የከተማ ክለቦቻችን የአሠራር ችግር አለባቸው። በየዓመቱ ሐምሌ ሲደርስ የቡድኑ ግማሽ ኮንትራቱ አልቆ ይሄዳል። ነሐሴ ላይ ከሌላ ቦታ አዲስ ተጫዋች ይሰበሰባል። የቦርዱ ሰብሳቢ ከንቲባው ስለሚሆን ከንቲባ ሲቀየር ዕቅዱም ይቀየራል። ሰፈር ውስጥ የበቀለው ልጅ ደግሞ ዋናው ቡድን ውስጥ ቦታ አያገኝም። ይህ መለወጥ አለበት። በጀቱ ከውጭ ተጫዋች ማስፈረሚያ ወደ ታዳጊ ፕሮጀክት ቢዞር ብሩም ይቀንሳል፣ ልጁም ሜዳ ያገኛል። የክለቡ ሒሳብ በየዓመቱ ለደጋፊው በአደባባይ ቢነበብ ጥርጣሬው ይበርዳል። የደጋፊ ማኅበሩ በቦርዱ ውስጥ ድምፅ ይኑረው። መዋጮ ሲጠየቅ ብቻ የሚታወስ ደጋፊ ነገ አይመጣም።

ማፍረስ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስተካክልም። ከክለቡ የሚተርፈው ብር አስፋልት ሠርቶ አይጨርስም። ክለቡ ከፈረሰ ግን ከሰዓት በኋላ ሥራ ያጣው፣ ትምህርቱ በጦርነት የተቋረጠበት፣ ተኩስ እየሰማ ያደገው የ15 ዓመት ልጅ የሚሄድበት አንድ ቦታ ይዘጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ዓይነት ማልያ ለብሶ አብሮ የሚቆምበት ቦታ ይዘጋል። ወልድያ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። እንደገና ለመጻፍ ካሰቡ ሰንጠረዡን ብቻ ይዘው አይጻፉ። ወልድያ ይምጡ። ከ2007 በፊት ቡድኑን ያሠለጠኑት አሉ፣ የተጫወቱት አሉ፣ ዛሬ ሽበት አውጥተው ልጆቻቸውን ሜዳ የሚያመጡ። አረፍ ብለው ቡና እየጠጡ ያዋሯቸው። በየቤቱ አልበም ውስጥ የቡድን ፎቶ አለ፤ ከጀርባው ቀንና ስም የተጻፈበት። እናንተም የምታነቡ፣ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ መርሳም ሁኑ ቆቦ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ፣ የድሮ ትኬት፣ የውድድር ደብዳቤ ያላችሁ ሰዎች አትጣሉት። በስልክ አንሱትና ለደጋፊ ማኅበሩ አድርሱ። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም፣ የማን ልጅ እንደሆኑና የየት ሰፈር እንደነበሩ ጻፉበት።